የሙንዶ ፔርፌይቶ ሁለተኛዋ መሥራች

ሙንዶ ፔርፌይቶ የተባለውን የፖርቱጋል የቴአትር ቡድን የመሠረቱት ሁለት ሰዎች ናቸው። ጊዜው 2003፣ ከተማው ሊዝበን ነው (ዓመቶቹ፣ ወሮቹና ቀኖቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ስሙ በአማርኛ «ፍጹም ዓለም» እንደማለት ነው። አንዱ መሥራች ቲያጎ ሮድሪጌስ ነው። ዛሬ ፈረንሳይ ውስጥ የአቪኞን የቴአትር ፌስቲቫልን ይመራል። ስለ ዘመኑ የአውሮፓ ቴአትር በተወራ ቁጥር ስሙ ሳይነሳ አይቀርም። ሁለተኛዋ መሥራች ማግዳ ቢዛሮ ናት። የእሷን ስም ለማግኘት ግን የዝግጅቱን ወረቀት ገልበጥ አድርጎ በትንንሽ ፊደል የተጻፈውን ማንበብ ይጠይቃል።

እኔ ያንን ትንንሽ ፊደል ማንበብ እወዳለሁ። ልጅ ሆኜ በትምህርት ቤት የድራማ ክበብ ውስጥ መጋረጃ የምስበው እኔ ነበርኩ። ከመጋረጃው ጀርባ ሆኖ ጭብጨባ መስማት ምን እንደሚመስል አውቀዋለሁ። ስለዚህ «የዚህ ቡድን መሥራቾች እነማን ናቸው?» የሚለው ጥያቄ ለእኔ የታሪክ ጥያቄ ብቻ አይደለም። ገንዘብም፣ ሥራም፣ መታወስም የሚሄዱት ስም ወደተጻፈበት ነው። በፖርቱጋል የቴአትር ሰዎች ስለ መንግሥት ድጋፍና ስለ ሥራ ዋስትና ዓመታት ያስቆጠሩበት ክርክርም ዞሮ ዞሮ እዚሁ ይመጣል።

ነገሩ ከቡድኑ መመሥረት ትንሽ ቀደም ይላል። ሮድሪጌስ በ1977 ከሊዝበን ጎን ባለችው አማዶራ ተወለደ። አባቱ ጋዜጠኛ፣ እናቱ ሐኪም ነበሩ። ገና የቴአትር ተማሪ ሳለ፣ በ20 ዓመቱ ገደማ፣ ስታን ከሚባል የቤልጅየም ቡድን ጋር ተገናኘ። ስታን በ1989 ከአንትወርፕ የተነሳ ቡድን ነው። አዘጋጅ የለውም። ተዋንያኑ ጠረጴዛ ከበው ይቀመጣሉ። ጽሑፉን አብረው ያነባሉ፣ አብረው ይተረጉማሉ፣ የማይሆነውን አብረው ይቆርጣሉ። ለሳምንታት እንዲህ ሲነጋገሩ ይከርማሉ። መድረክ ላይ ቆመው የሚለማመዱት ሥራው ሊከፈት ጥቂት ቀን ሲቀረው ነው። የቡድኑ ስም ደግሞ የእንግሊዝኛ ምሕጻረ ቃል ነው። ሲፈታ «ስለ ስም ማሰብ አቁም» ይላል።

ይቺን ሐረግ ያዙልኝ።

ሮድሪጌስ ከእነሱ ጋር መሥራቱ አዘጋጅ የሌለበት ቴአትር እንደሚቻል አሳየው። ከዚያ ወደ ሊዝበን ይዞት የመጣው ነገር ይሄ ነው። እሱና ቢዛሮ ሙንዶ ፔርፌይቶን ሲያቋቁሙ ትልቅ ኩባንያ አላሰቡም። ቋሚ የተዋንያን ስብስብም አልያዙም። በየሥራው የሚስማማቸውን ሰው ይጋብዛሉ። ሥራዎቹ በተለያዩ አዳራሾችና ፌስቲቫሎች ይቀርባሉ። በ2007 ለምሳሌ ሮድሪጌስ ከሁለት ሊባኖሳውያን፣ ከራቢህ ምሩዌና ከቶኒ ሻካር ጋር አንድ ሥራ ሠርቷል። ሊዝበንና ቤይሩት እንዲህ ተገናኙ።

እንግዲህ እንዲህ ያለ ቡድን እንዴት እንደሚኖር አስቡት። ቤት የለውም፤ ደሞዝተኛ ተዋናይ የለውም። ያለው ሐሳብና ስልክ ነው። አንድ ሥራ ለማቆም ሦስት አራት ቴአትር ቤቶች በጋራ ገንዘብ እንዲያዋጡ ማሳመን ያስፈልጋል። ውል ይጻፋል። ቪዛ ይለመናል። የጭነት መኪና ይፈለጋል። የተዋናይዋ ልብስ በየከተማው ይታጠባል። ለመንግሥት ድጋፍ ማመልከቻ ይሞላል፤ ማመልከቻው ላይ ደግሞ የዛሬ ሁለት ዓመት ምን እንደምትሠራ ዛሬ ማወቅ አለብህ። ይህ ሁሉ በሙያው ቋንቋ ፕሮዳክሽን ይባላል። ተመልካች አያየውም። ሳይሠራ ከቀረ ግን ወዲያው ይታያል፤ መጋረጃው አይከፈትማ!

የቢዛሮ ሥራ በዚህ አላበቃም። መድረኩን፣ ቁሳቁሱንና አልባሳቱንም ትሠራ ነበር። ፕሮዲዩሰርና ዲዛይነር በአንድ ሰው ሲገጥሙ ብዙ ጊዜ የማይስተዋል ጥቅም አለው። የገንዘቡን ልክ የምታውቀው ሰው ራሷ ናት መድረኩ ላይ ምን እንደሚቀመጥ የምትወስነው። የሙንዶ ፔርፌይቶ ሥራዎች ለምን ቀለል ያሉ፣ ለምን ሻንጣ ውስጥ የሚገቡ እንደሆኑ ብዙ ተቺ ስለ ውበት እየጻፈ ያብራራል። እኔ ግን መልሱ ግማሹ እዚህ ያለ ይመስለኛል።

ይህን ከሁሉ ጥርት አድርጎ የሚያሳየው በ2013 በሊዝበን ማሪያ ማቶስ ቴአትር የተከፈተው «ባይ ሃርት» ነው፤ በቃል እንደማለት። መድረኩ ላይ አሥር ወንበር አለ። ባዶ ናቸው። አጠገባቸው መጻሕፍት የታጨቁባቸው የእንጨት ሣጥኖች አሉ። ሮድሪጌስ ብቻውን ይወጣና ከተመልካቹ መሃል አሥር ፈቃደኛ ይጠይቃል። አሥሩ ወንበር ካልሞላ ቴአትሩ አይጀመርም። ከዚያ የሼክስፒርን 30ኛ ሶኔት ያስጠናቸዋል። ሶኔቱ 14 ስንኝ ነው። የመጀመሪያዎቹን አራቱን አሥሩም በኅብረት ይሏቸዋል። የቀሩት አሥር ስንኞች ለእያንዳንዱ አንድ አንድ ይደርሳሉ። አንዱ ከጠፋበት ግጥሙ ይጎድላል። እስኪያውቁት ድረስ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። ዳዊት በቃሉ ያጠና ሰው ይህን ድካምም ደስታም ያውቀዋል።

በመሃል በመሃሉ ሮድሪጌስ ስለ አያቱ ስለ ካንዲዳ ይተርካል። ሴትየዋ በሰሜን ፖርቱጋል ገጠር ምግብ አብሳይ ነበሩ፤ ማንበብ ነፍሳቸው ነው። የልጅ ልጃቸው መጽሐፍ በሣጥን እየጫነ ይወስድላቸው ነበር። ዓይናቸው እየከዳቸው ሲሄድ አንድ ነገር ለመኑት። ማየት ሳያቆሙ በቃላቸው የሚይዙትን አንድ መጽሐፍ ምረጥልኝ አሉት። ሣጥኖቹ መድረኩ ላይ የተቀመጡት ለጌጥ አይደለም። የአያትየው መጽሐፍ የሚመላለሰው በእነሱ ነበር።

የዚህን ሥራ ወረቀት ስታዩ፣ ጽሑፍና ትወና ከሚለው ጎን የሮድሪጌስ ስም አለ። መድረክ፣ ቁሳቁስና አልባሳት ከሚለው ጎን ደግሞ የማግዳ ቢዛሮ። አሥር ወንበርና ጥቂት ሣጥን። «ይሄ ደግሞ ምን ዲዛይን አለው?» የሚል ይኖራል። መልሱን ለማግኘት ሥራውን ከአሥሩ ወንበር ውጪ ለማሰብ መሞከር ይበቃል። አንድ ትልቅ የተሠራ ቤት ከኋላ ቢቆም፣ ያ ባዶ ወንበር ተመልካቹን አይጠራውም። ወንበሩ የሚጠራው ከጀርባው ምንም ስለሌለ ነው።

ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ2012፣ ቡድኑ «ከጉልበት በታች ሦስት ጣት» የሚል ሥራ አቅርቦ ነበር። ቃለ ተውኔቱን የጻፉት፣ ሳያውቁት፣ የፖርቱጋሉ አምባገነን የሳላዛር አገዛዝ ሳንሱሮች ናቸው። ሮድሪጌስ በብሔራዊ ቤተ መዛግብት ውስጥ የሳንሱሮቹን ሪፖርት አንብቦ ከእነዚያ ወረቀቶች ተውኔት ቀጠለ። ሁለት ተዋንያን፣ ኢዛቤል አብሬውና ጎንሳሎ ዋዲንግተን፣ ያንን የቢሮ ቋንቋ መድረክ ላይ ይናገሩታል። ርእሱ ራሱ ስለ ቀሚስ ርዝመት ነው። አገዛዙ በሚያዝያ 1974 እስኪወድቅ ድረስ የተዋናይዋ ጉልበት እንኳ ፈቃድ ያስፈልገው ነበር። እዚህም ላይ ተውኔቱን ጻፈ የሚባለው ማነው? ያ ስም የለሽ የመንግሥት ሠራተኛ፣ ወረቀቱን ያገኘው ሰው ወይስ ቃሉን ሥጋ ያለበሱት ተዋንያን? ቡድኑ እንዲህ ያለውን ጥያቄ ይወድ ነበር።

ጊዜው ግን ክፉ ነበር። በ2011 ፖርቱጋል የ78 ቢሊዮን ዩሮ ብድር ስትወስድ የቁጠባ ዘመን መጣ። በዚያው ዓመት የባህል ሚኒስቴር ተሰርዞ ወደ ሚኒስትር ዴኤታ ቢሮ ዝቅ አለ። እስከ 2015 መጨረሻ ድረስ አልተመለሰም። የቴአትር ሰው አብዛኛው በፍሪላንስ ነው የሚሠራው። እዚያ አገር ይህን አሠራር «አረንጓዴ ደረሰኝ» ይሉታል፤ ድሮ የግል ሠራተኛ የሚቆርጠው ደረሰኝ ቀለሙ አረንጓዴ ስለነበረ ነው። አረንጓዴ ደረሰኝ የሚቆርጥ ሰው ሥራ ሲያልቅ ክፍያውም ያልቃል። ልምምድ ላይ ያለች ተዋናይት ቢያንስ ነገ ፖስተር ላይ ፎቶዋ ይወጣል። አልባሳት የምትሰፋዋ ግን ፖስተርም የላት፣ ደረሰኙም ያው ነው።

በ2014 መጨረሻ ሮድሪጌስ የዶና ማሪያ ሁለተኛዋ ብሔራዊ ቴአትር ጥበባዊ ዳይሬክተር ተብሎ ተሾመ። በጥር 2015 ሥራ ሲጀምር 37 ዓመቱ ነበር። ሙንዶ ፔርፌይቶ በዚሁ አበቃ። አሥራ አንድ ዓመት ገደማ ኖረ ማለት ነው። አንዱ መሥራች ቤቱን ለቆ ሲወጣ ቤቱ ተዘጋ። በዚህ ማንንም ለመውቀስ አልፈልግም። ሁለት ሰው የመሠረተው ነገር ከሁለቱ አንዱ ሲሄድ አለመቀጠሉ ያለ ነው። ብቻ ዜናው እንዴት እንደተነገረ ልብ ማለት ይገባል። «ሮድሪጌስ ብሔራዊ ቴአትርን ሊመራ ነው» ተባለ። ሁለት ሰው የሠራው አሥራ አንድ ዓመት በአንድ ሰው የሥራ ልምድ ውስጥ ገባ።

ብሔራዊ ቴአትሩ ሮሲዮ አደባባይ ላይ ያለ ነው። በ1846 ተከፈተ፤ በ1964 ተቃጠለ፤ በ1978 እንደገና ተከፈተ። በዚያ በ1978 ክሪስቲና ቪዳል የምትባል ሴት ሥራ ጀመረች። ሥራዋ ተዋናይ ቃል ሲጠፋበት ከጨለማ ውስጥ በሹክሹክታ ማስታወስ ነው። እንዲህ ያለ ሙያተኛ አሁን በአውሮፓ እየጠፋ ነው። ሮድሪጌስ እዚያ ሲደርስ እሷ እዚያው ነበረች። በ2017 አቪኞን ላይ በተከፈተው «ሶፕሮ» በሚለው ሥራ (እስትንፋስ ማለት ነው) መድረክ ላይ አወጣት።

ያንን ሥራ ላላየ ሰው ልግለጽ። መድረኩ የፈረሰ ቴአትር ቤት ነው። በወለሉ ሳንቃ መሃል አረም በቅሏል። ቪዳል ጥቁር ለብሳ፣ ጽሑፏን ይዛ፣ በተዋንያኑ መሃል ትሄዳለች። ከአንዱ ጆሮ ትጠጋለች፤ ታሾከሹካለች። ተዋናዩ ይናገራል። ከሌላዋ ጆሮ ትጠጋለች፤ ያቺም ትናገራለች። የሚናገሩት የእሷን ትዝታ ነው። እሷ ግን ድምጿ አይሰማም። ይህ ሁሉ ሲሆን ዓይናችሁ ከማን ላይ ያርፋል? ከሚናገረው ላይ አይደለም። መጨረሻው ላይ ቪዳል ራሷ ድምፅ አውጥታ ትናገራለች። ዕድሜ ልኳን ስታሾከሹክ ከኖረች በኋላ ጥቂት ስንኝ ብቻ።

ሮድሪጌስ ይህን ሥራ የጻፈው ከጀርባ ያሉ ሰዎች ምን እንደሚሠሩ ስለሚያውቅ ነው ብዬ አምናለሁ። ይህን የሚያውቀው ደግሞ አሥራ አንድ ዓመት ሁለት ሰው ሆኖ ቡድን ስላንቀሳቀሰ ነው። «ሶፕሮ»ን ብዙ ሰው ለቪዳል የቀረበ ምስጋና አድርጎ ያየዋል። እኔ ከዚያ ሰፋ አድርጌ አየዋለሁ።

አንድ ሌላ ነገርም አለ። ብሔራዊ ቴአትሩን በቅርብ ዓመታት የመሩትን ሰዎች ተራ በተራ ተመልከቱ። ከሮድሪጌስ በፊት የመራው ጁዋው ሞታ የሚባል ሰው ነው፤ የኮሙና ቡድን መሥራች። ከሮድሪጌስ በኋላ ከ2021 መጨረሻ ጀምሮ ፔድሮ ፔኒም መጣ፤ በ1995 የተመሠረተው የቴአትሮ ፕራጋ መሥራች። ሦስቱም ከቡድን የወጡ ናቸው። መንግሥት መሪ ሲፈልግ ቡድን ውስጥ ይፈልጋል። ከቡድኑ የሚወስደው ግን አንድ ሰው ነው። የቀረው ቡድን ምን ይሆናል የሚለው የሹመት ደብዳቤው ላይ አይጻፍም።

ፕራጋ እዚህ ላይ ሌላ መንገድ አሳይቷል። እሱም እንደ ስታን አዘጋጅ የለኝም እያለ ያደገ ቡድን ነው። አንድሬ ኢ ቴዎዶሲዮና ጸሐፌ ተውኔቱ ጆዜ ማሪያ ቪዬራ ሜንዴስ ከውስጡ ናቸው፤ ሁለተኛው ከጊዜ በኋላ የገባ ነው። በሊዝበን በጋይቮታስ ጎዳና ቁጥር 6 ለወጣት ቡድኖች የሚከፈት ቦታም ያስተዳድራሉ። ፔኒም ሲሄድ ፕራጋ አልተዘጋም። ምክንያቱ የገንዘብ ብቻ አይመስለኝም። ሥራው ለብዙ ዓመታት «የእገሌ ቴአትር» ተብሎ ስላልተጠራ፣ እገሌ ሲሄድ ቴአትሩ አብሮት አልሄደም። ስለ ስም ማሰብ ማቆም እንዲህ ያለ ተግባራዊ ጥቅም አለው።

ኮርኑኮፒያ የተባለው የሊዝበን ቡድን ታሪክ ግን ያሳዝናል። ሉዊስ ሚጌል ሲንትራና ዦርዥ ሲልቫ ሜሎ በ1973፣ ያንን የሳላዛር አገዛዝ የጣለው አብዮት ሊፈነዳ ወራት ሲቀሩት መሠረቱት። ሲልቫ ሜሎ ኋላ ላይ ወጣና በ1995 አርቲስታስ ዩኒዶስን ጀመረ። ኮርኑኮፒያን ከሲንትራ ጋር ይዛ የቀጠለችው የመድረክና የአልባሳት ዲዛይነሯ ክሪስቲና ሬይስ ናት። በመሥራቾች ዝርዝር የለችም፤ የቡድኑን መልክ ግን ለአሥርት ዓመታት የሠራችው እሷ ናት። በታኅሣሥ 2016፣ ከ43 ዓመት በኋላ ቤቱ ተዘጋ። በመጨረሻው ቀን በር ለሕዝብ በነፃ ተከፈተ። የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ማርሴሎ ሬቤሎ ደ ሶዛም ሳይቀሩ መጡ። ስንብቱ ትልቅ ነበር። ቤቱን ግን አላዳነውም።

ከዚያ ወዲህ የተለወጠ ነገር አለ። በ2018 የድጋፍ ውጤት ሲወጣ ብዙ ነባር ቡድኖች ባዶ እጃቸውን ቀሩ፤ በሚያዝያ ሰልፍ ወጡ፤ መንግሥትም ገንዘብ ለመጨመር ተገደደ። በ2022 መጨረሻ ሌላ ዙር መጣ። የተጨመረው ገንዘብ አብዛኛው የአራት ዓመት ድጋፍ ለጠየቁት ሄደ። የሁለት ዓመት የጠየቁት፣ ብዙዎቹ ትንንሽ ቡድኖች፣ ብቁ ናችሁ እየተባሉ ያለ ገንዘብ ቀሩ። ሙንዶ ፔርፌይቶን የሚመስል ሁለት ሰው ያለው ቡድን ዛሬ ቢመሠረት ሰልፉ ውስጥ የሚገኘው እዚህ ጋ ነው። ከመንግሥት በጀት «1 በመቶ ለባህል» የሚለው የቆየ ጥያቄም ገና መፈክር ነው። በ2025 ደግሞ ባህል ከወጣቶችና ከስፖርት ጋር በአንድ ሚኒስቴር ተጠቃሏል።

ደህናው ዜና ከጥር 1 ቀን 2022 ጀምሮ የሚሠራው የባህል ባለሙያዎች ደንብ ነው። ሥራ ሲቋረጥ የሚሰጥ ክፍያ አለው። ለእኔ ትልቁ ነገር ማንን ባለሙያ እንደሚል ነው። ደራሲና ተዋናይ ብቻ አላለም፤ የመድረክ ቴክኒሺያኑንም፣ ሥራውን ከሕዝብ የሚያገናኘውንም ጨምሯል። ሕግ ስም ሲጠራ እንዲህ ሰፋ ማድረጉ ቀላል አይደለም። የመብራት ባለሙያ በኮቪድ ጊዜ ቴአትር ቤቶች ሲዘጉ የገባበትን ያየ ሰው ይህን ያውቃል።

ሮድሪጌስ ከመስከረም 2022 ጀምሮ አቪኞንን ይመራል። ዣን ቪላር በ1947 የጀመረውን ፌስቲቫል ፈረንሳዊ ያልሆነ ሰው ሲመራ የመጀመሪያው ነው። በየዓመቱ አንድ ቋንቋ እንግዳ ይሆናል፤ በ2023 እንግሊዝኛ፣ በ2024 ስፓኒሽ፣ በ2025 ዐረብኛ። ቋንቋን እንግዳ አድርጎ መጋበዝ የሙንዶ ፔርፌይቶ ሐሳብ ይመስለኛል፤ ሊዝበንን ከቤይሩት ያገናኘው ያው ልማድ ነው። ማግዳ ቢዛሮም እዚያው አቪኞን ናት። ከሌላ አገር የሚመጡ ሥራዎችን በሚመለከተው የፕሮግራም ቡድን ውስጥ ትሠራለች። ሁለቱ መሥራቾች ዛሬም አንድ ቤት ነው የሚሠሩት ማለት ነው።

ሐምሌ 25 ቀን 2023 ሮድሪጌስ የመጀመሪያ ፌስቲቫሉን ሲዘጋ፣ አቪኞን ባለው በድሮው የሮማ ጳጳሳት ቤተ መንግሥት ግቢ ውስጥ «ባይ ሃርት»ን አቀረበ። ሁለት ሺህ ያህል ሰው የሚይዝ ገላጣ ግቢ ነው፤ ከኋላው ቁመቱ የሚያስፈራ የድንጋይ ግንብ አለ። ትልልቅ አዘጋጆች ያንን ግንብ ለመሙላት ሲታገሉ ኖረዋል። በዚያ ምሽት ግንቡ ሥር የነበረው አሥር ወንበርና ጥቂት ሣጥን ነው። ዛሬም የሥራው ወረቀት ላይ፣ ከታች፣ በትንንሽ ፊደል፣ መነሻው የሙንዶ ፔርፌይቶ ሥራ እንደሆነ ተጽፏል። ከዚያ ከፍ ብሎ ደግሞ፦ መድረክ፣ ቁሳቁስና አልባሳት፣ ማግዳ ቢዛሮ።